ጤፉ ንጹህ ነው፣ እንጀራውስ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። የዛሬ ጥቂት ዓመት ሐኪሟ «ሴሊያክ አለብሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ ስንዴም ገብስም አፍሽ እንዳይገባ» ሲላት ታለቅሳለች ብለን ጠበቅን። ሳቀች። «እኔ እኮ ሐበሻ ነኝ። የምበላው እንጀራ ነው። ዳቦ ለምን ይቀርብኛል ብዬ ነው የማዝነው?» አለችን።

ስድስት ወር ቆይታ ስትመረመር ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። ሆዷ እንደተነፋ ነው፣ ድካሙም አለ። ሐኪሙ ተደብቃ የምትበላ መሰለው። እሷ ግን ከታዘዘችው ዝንፍ አላለችም። በየሳምንቱ ከሰፈሯ ሱቅ የምትገዛው እንጀራ ውስጥ ገብስ ነበረበት። ላስቲኩ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። አንብባው አታውቅም። የእንጀራ ጀርባ ማን ያነባል?

«ጤፍ ግሉተን የለውም» የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል፣ ትንሽም ኮርተንበታል። ወሬው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ነገር እንደሌለባቸው አሳትመዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ጤፍ እህል ነው፣ እንጀራ ደግሞ ምግብ ነው። ከእህሉ እስከ ምግቡ ድረስ አውድማ አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ፣ ቡሃቃ አለ፣ ምጣድ አለ፣ ከሁሉም በላይ ዋጋ አለ። ሴሊያክ ያለበት ሐበሻ ሕይወቱ ያለው እዚያ መሃል ላይ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። ግሉተን የስንዴን ሊጥ ሊጥ የሚያደርገው ፕሮቲን ነው። ሊጡ ሲጎትቱት እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው፣ ድፎ ዳቦም አየር ይዞ የሚነፋው በእሱ ነው። የጤፍ ሊጥ አይለጠጥም። ከጤፍ እንጀራ እንጂ ድፎ የማንጋግረውም ለዚህ ነው። ገብስም የራሱ የግሉተን ዘመድ አለው፤ ራይ የሚባለው የአውሮፓ እህልም እንዲሁ።

ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ጠላት መጣ ብሎ ይነሳና የራሱን ትንሹን አንጀት ይመታል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ አዲስ ፎጣ ነው። ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች ሞልተውበታል። ምግቡን የሚመጥጡት እነሱ ናቸው። በሽታው ሲቆይ ፎጣው ተላጭቶ እንደ ነጠላ ይሳሳል። ሰውየው ይበላል፣ ሰውነቱ ግን አያገኝም። አይረኑ፣ ካልሲየሙ፣ ቫይታሚኑ እንደመጣ ያልፋል። ስለዚህ በሽታው የአንጀት ሆኖ ሳለ ምልክቱ ሌላ ቦታ ሊታይ ይችላል። የማይነሳ የደም ማነስ፣ የሳሳ አጥንት፣ እርግዝና እምቢ ማለት፣ የማያድግ ልጅ፣ የአፍ ቁስል፣ ክርንና ጉልበት ላይ የሚወጣ የሚያሳክክ ሽፍታ። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሰማውም። ከአለርጂም ይለያል። አለርጂ ያለበት ሰው ወዲያው ያብጣል ወይም ትንፋሽ ያጥረዋል። ሴሊያክ ዝም ብሎ ዓመታት ይሠራል።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በዓለም ላይ ከ100 ሰው አንዱ ገደማ አለበት ተብሎ ይገመታል። በጥናት ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ቁጥሮች አንዱ ደግሞ ከአውሮፓ ሳይሆን ከአፍሪካ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት የምዕራብ ሰሃራ ሕዝብ ልጆችን መርምሮ 5.6 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በስደት ካምፕ የሚኖሩ ናቸው። አባቶቻቸው የግመል ወተትና ሥጋ ይበሉ የነበሩ፣ በኋላ ኑሯቸው በስንዴ ላይ የወደቀ። በሽታው እንዲነሳ በዘር የሚወረስ ነገር ያስፈልጋል፣ ግሉተንም ያስፈልጋል። ዘሩ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሰው ተሸክሞት በሰላም ይኖራል። ዳቦና ፓስታ በየቤቱ እየገባ ባለበት አገር ግን «እኛን አይነካንም» ማለት ትንሽ ድፍረት ይመስለኛል።

ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑ የታወቀበት መንገድ ራሱ ወሬ ነው። ዊለም ካረል ዲከ የሚባል ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ ሥራው ዘ ሄግ ከተማ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1944 እና 1945 ክረምት መጣ። ጀርመኖች ምግብ አገዱ፣ ሆላንድ ተራበች፣ ዳቦ ጠፋ። ሰው የቱሊፕ አምፖል ሳይቀር በላ። አገር ሁሉ ሲከሳ የዲከ ታማሚ ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦው ተመልሶ ሲመጣ እነሱም ተመልሰው ታመሙ። ዲከ ይህንን ይዞ በ1950 የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የሚያዙት ግራ የገባ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ልጆቹን ሙዝ ነበር የሚያበሏቸው። ይሠራም ነበር፤ ሙዙ መድኃኒት ሆኖ ሳይሆን ከሙዙ ጋር ዳቦ ስለማይሰጧቸው።

ዛሬም ሕክምናው ያው ነው፤ ግሉተንን እስከ ዕድሜ ልክ መተው። ኪኒን የለውም።

መተው ሲባል ደግሞ ምን ያህል? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ጣሊያን ውስጥ በተደረገ ሙከራ በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር ሲወሰድ አንጀትን መጉዳቱ ታይቷል። አንድ ቁራሽ ዳቦ ውስጥ 2 ግራም ገደማ ግሉተን አለ ብንል፣ 50 ሚሊግራም የቁራሹ 40ኛ ክፍል ነው። ፍርፋሪ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ መለኪያም ከዚህ የተነሳ ጥብቅ ነው። «ግሉተን የሌለበት» የሚባል ምግብ በ1 ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ሊኖረው አይገባም። አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ላይ 50 ግራም የገብስ ዱቄት፣ አንድ እፍኝ ማለት ነው፣ ጣል ብናደርግ በግምት የዚያን ልክ መቶ እጥፍ እናገኛለን። እፍኝ ገብስ እንጀራውን ያለሰልሰዋል ብሎ የሚጨምር ቤት ደግሞ ስንት ነው!

መጨመሩ በክፋት አይደለም። ጤፍ ሲወደድ ሰው ያደባልቃል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኩንታል ጤፍ ዋጋ 10 ሺህ ብርን ሲያልፍ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ገብስ የማይገባበት ቡሃቃ እየጠበበ ሄደ። ማሽላው፣ በቆሎውና ሩዙ ችግር የላቸውም። ስንዴና ገብሱ ናቸው ጉዱ። የደጋው ሰው ደግሞ ጤፍ ሳይወደድም የገብስ እንጀራ ልማዱ ነው፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ የሄደ ያውቀዋል። ውጭ አገር ያለው ታሪክ ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሜሪካ ጤፍ እንደልብ አልነበረም። እናቶች ከሱፐርማርኬት በሚገዛ የስንዴ ዱቄት እንጀራ መሰል ነገር ጋገሩ። ኋላ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዘራት ጀመረ፣ ዱቄቱም ተገኘ። ግን ያ የድሮ ልማድ አልጠፋም። የአሜሪካ እርጥበትና ውሃ ለንጹህ ጤፍ አይመችም፣ ዓይን አያወጣም የሚል ጋጋሪ ዛሬም ገብስ ወይም ስንዴ ይጨምራል። የአክስቴ ልጅ የተያዘችው በዚህ ነው።

ንጹህ ጤፍ ነው የተባለውም ቢሆን መንገዱን መከተል ያስፈልጋል። ወፍጮ ቤት እንግባ። ከእናንተ በፊት የነበረችው ሴት ስንዴ አስፈጭታ ከሆነ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት የሚወጣው ከእናንተ ጤፍ ጋር ነው። ለጤፍ ብቻ የሚሆን ወፍጮ ያለው ቤት አለ። እሱን መፈለግ ነው። የበርበሬ ወፍጮ ለብቻው እንዲሆን ሁሉም ሰው ይጨነቃል፤ በርበሬው ያስነጥሳላ! ግሉተን አያስነጥስም፣ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም።

ከወፍጮው ቀጥሎ እርሾው። ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እርሾ ከቡሃቃው ሥር ተቀምጦ ከአንዱ ጋገራ ወደ ሌላው ይሻገራል። ባለፈው ሳምንት ገብስ ተጨምሮ ከነበረ የዚህ ሳምንት ንጹህ ጤፍ በዚያው እርሾ ነው የሚቦካው። ከጎረቤት የተዋሱት ከሆነ ደግሞ የጎረቤትን ታሪክም አብራችሁ ተዋሳችሁ ማለት ነው። ከዚያ ምጣዱ አለ፤ ትናንት አምባሻ ተጋግሮበታል። ማሰሻው አለ፤ ያው ጨርቅ ነው። ሰፌዱ አለ። ወንፊቱ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ የገባ ዱቄት በመታጠብ አይለቅም።

«ሦስት ቀን ቦክቶ፣ እሳት ነክቶት ምን ይቀረዋል?» ይላሉ እናቶቻችን። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ለተሕዋስያን ልክ ነው። ግሉተን ግን ተሕዋስ አይደለም። ፕሮቲን ነው፣ አይሞትም። ምጣድ አያጠፋውም። ቡኮው የተወሰነውን ይሰባብር ይሆናል እንጂ የገብስ እንጀራን ለሴሊያክ ሰው የሚሆን አያደርገውም።

ከእንጀራው ወጥተን ወደ ሌላው ምግብ ስንሄድ ነገሩ ግልጽ ነው። ዳቦ፣ ድፎ፣ አምባሻ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ሳምቡሳ፣ ብስኩት፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጨጨብሳ በስንዴ፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎ፤ ሁሉም ይቀራሉ። ጠላ ብቅሉ ገብስ ነው፣ ቢራም እንደዚያው። ጠጅ ግን ማርና ጌሾ ነው፣ ለሚጠጣ ሰው መጽናኛ ናት። የቡና ቁርስ ቆሎ ተንኮለኛ ነው። «ሽምብራውን ብቻ ለይቼ ልብላ» ማለት አይሠራም፣ ከገብሱ ጋር አብሮ ተቆልቷል። ፋንዲሻ ይሻላል። ሽሮ በራሱ አተር፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ነው፤ የገበያውን ግን ማን እንዳዘጋጀው ካላወቁ ቤት ማዘጋጀት ይሻላል። አጃ ራሱ ለብዙው ሴሊያክ ሰው ባይከፋም ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል ተለይቶ የተመረተ ካልሆነ አይመከርም።

የሚፈቀደው ደግሞ ጥቂት አይደለም። ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ አይብ፣ እንቁላል። ከሁሉም እኔ የምወደው ቆጮና ቡላ ነው። እንሰት እህል እንኳ አይደለም። በዚህ በሽታ የጉራጌና የሲዳማ ማዕድ ከአዲስ አበባው ካፌ ቁርስ አሥር እጥፍ ይመቻል። የቡላ ገንፎ በቅቤ የቀረበለት ሰው የገብሱን ገንፎ ለመናፈቅ ጊዜ የለውም።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ስለ ላስቲኩ ጀርባ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ ሕግ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች ጎልተው እንዲጻፉ ያስገድዳል። ስንዴ ከእነሱ ውስጥ አለ። ገብስና ራይ ግን የሉም። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስንዴ ይዟል» የምትል መስመር ብቻ አይቶ፣ ስንዴ ካላየ ይገዛል። እንጀራችን ውስጥ የሚገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገብስ ነው! ስለዚህ ሙሉውን የግብዓት ዝርዝር ማንበብ ግድ ነው። ብቅል የሚል ቃል ካያችሁም መልሱት። አውሮፓ ይሻላል። እዚያ ስንዴ፣ ገብስ፣ ራይና አጃ ሁሉም ጎልተው እንዲጻፉ ሕጉ ያዛል። ጣሊያን ውስጥማ ሴሊያክ መሆኑ በሐኪም የተረጋገጠ ሰው መንግሥት ለልዩ ምግቡ በየወሩ ይደጉመዋል። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ግን መለያም ድጎማም የላትም። የቀረበላት ኹብዝ የሚባለው የስንዴ ዳቦ ነው። ሩዙን መርጣ መብላት ከቻለች እሱም ዕድል ነው።

የሚያስቀኝ ነገር አለ። ዲከ የስንዴን ጥፋት ባወቀባት በዚያችው በዘ ሄግ ከተማ፣ ከ70 ዓመት በኋላ ጤፋችን ፍርድ ቤት ቆመ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈርሞ ነበር። ከዚያም የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ። ኩባንያው ከሰረ፣ ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የዘ ሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ ፓተንቱን ለሆላንድ ሻረው። ይህ ሁሉ ትግል የተነሳው ጤፍ ግሉተን ስለሌለውና ፈረንጅ ለዚያ ስለሚከፍል ነው። አውሮፓ ሱቅ ውስጥ የጤፍ ዱቄት ተመርምሮ፣ ታሽጎ፣ የተሰረዘ የስንዴ ዘለላ ምልክት ተለጥፎበት ይሸጣል። እህል በረንዳ ላይ ያለችው ሴሊያክ ያለባት እናት ደግሞ ኩንታሉ ውስጥ እጇን ከትታ በዓይኗ ትመረምራለች። የጤፉን ክብር ስናስከብር የእሷንም ነገር ማሰብ ነበረብን።

ስለ ምግብ ካወራን ስለ ሰው ሳናወራ አንቀርም። ፈረንጅ «አልበላም» ሲል ነገሩ አለቀ። እኛ ጋ «አልበላም» የውይይት መጀመሪያ ነው። «ትንሽ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?» «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ በሞቴ!» ጉርሻ ደግሞ አለ። አምባሻ ሲቆርስ የቆየ እጅ ጠቅልሎ ሲያጎርስ እምቢ ማለት ስድብ ይመስላል። የአክስቴ ልጅ ብዙ ቆይታ አንድ ዘዴ አገኘች። «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለቱን ትታ «ይመርዘኛል» ማለት ጀመረች። ቃሉ ከባድ ነው፣ ግን ይሠራል። «ከልክሎኛል» ስትል እናቶች ከሐኪሙ ጋር ይደራደራሉ። «ይመርዘኛል» ስትል እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሠርግ ስትሄድ እንጀራዋን በፌስታል ይዛ ትሄዳለች፣ ወጡን ማንም እንጀራ ሳያጠቅስበት አስቀድማ ታስቀዳለች።

ቁርባንን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ኅብስቱ የስንዴ ነውና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ደብዳቤ ግሉተኑ እጅግ የተቀነሰ ኅብስት ይፈቀዳል፣ ፈጽሞ የሌለው ግን አይሆንም ብላለች። በእኛ ቤት ይህ ከንስሐ አባት ጋር በግልጽ የሚመከርበት ነገር ነው። እኔ የምፈርድበት አይደለም።

የቀረኝ ምርመራው ነው። አገር ቤት ሆዱን ያመመው ሰው መንገዱ የታወቀ ነው። አሜባ ይባላል፣ ይታከማል። ጃርዲያ ይባላል፣ ይታከማል። ታይፎይድ፣ ከዚያ ጨጓራ። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው፣ እነዚህ በሽታዎች ሞልተውናል። ግን መድኃኒቱን ጨርሶ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ የሚመለስ፣ አይረን እየዋጠ ደሙ የማይነሳ፣ ገንፎና ዳቦ ከጀመረ ወዲህ ማደግ ያቆመ ሕፃን ካለ «ሴሊያክ ይሆን?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለውም። ቲቲጂ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ከእሱ ጋር አይጂኤ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን አጠቃላይ መጠን አብሮ ይታያል፤ አይጂኤው ዝቅተኛ ከሆነ የቲቲጂው ውጤት ያታልላል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ማለት ነው፣ ከአንጀት ናሙና ይወሰዳል።

አደራ የምለው አንድ ነገር፣ ሳትመረመሩ ዳቦ እንዳታቆሙ። ሰው ቪዲዮ አይቶ ግሉተን ይተዋል፣ ትንሽ ይሻለዋል፣ ከሁለት ወር በኋላ ልመርመር ይላል። አንጀቱ መዳን ስለጀመረ ውጤቱ ንጹህ ሊመስል ይችላል። ያኔ ሐኪሙ እንደገና ለሳምንታት ዳቦ ብላ ሊለው ነው። ተመርምሮ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሆዱ በሳምንታት ሊረጋ ይችላል፣ የአዋቂ ሰው አንጀት ሙሉ በሙሉ እስኪድን ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

በሽታው ያለበት ሰው ወላጅ፣ እህት፣ ወንድም ወይም ልጅም መመርመር አለበት። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ላይ ይገኛል። የአክስቴ ልጅ ወንድም አዲስ አበባ ነው፤ ስትለምነው አንድ ዓመት ፈጀባት። «እኔ ድንጋይ ብበላ እፈጫለሁ» ይል ነበር። ሆዱን አሞት አያውቅም። በመጨረሻ እሷን ዝም ለማሰኘት ብሎ ሄዶ ደሙን ሰጠ። ፖዘቲቭ መጣ። ኢንዶስኮፒውም አረጋገጠ። ማታ ደወለላትና ስለ አንጀቱ አንድም ቃል ሳይጠይቃት «ጠላውስ?» አላት።